ሥዕላችሁን በየትኛው የፕሪንት ኦን ዲማንድ ድረ ገጽ ትሸጣላችሁ? የንጽጽር መመሪያ

ፕሪንት ኦን ዲማንድ፣ ማለትም ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ ማተም፣ ሲወራ ቀላል ነው። ሥዕላችሁን በፋይል ትጭናላችሁ። ገዢው ቲሸርት፣ ፖስተር ወይም ካንቫስ ላይ መርጦ ይከፍላል። ኩባንያው ያትማል፣ ያሽጋል፣ ይልካል። እናንተ ድርሻችሁን ትወስዳላችሁ። ቀድሞ የሚታተም ክምችት የለም። ፖስታ ቤት መመላለስም የለም።

ግራ የሚያጋባው ምርጫው ነው። ሬድበብል፣ ቲፐብሊክ፣ ፋይን አርት አሜሪካ፣ አማዞን መርች፣ ፕሪንትፉል፣ ፕሪንቲፋይ፣ ኤትሲ፣ ሾፒፋይ... ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አይደሉም። አንዳንዱ እንደ ሬድበብልና ኤትሲ ገበያ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ፕሪንትፉል ማተሚያ ቤት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሾፒፋይ ባዶ የሱቅ ቤት ነው የሚያከራያችሁ። ይህን ሳይለዩ መጀመር ነው ብዙ ሠዓሊ ስድስት ወር ደክሞ ምንም ሳይሸጥ የሚቀርበት ምክንያት።

ይህ ጽሑፍ አገር ቤትም ውጭም ላሉ ሐበሻ ሠዓሊዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው። ክፍያዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ከመመዝገባችሁ በፊት የየድርጅቱን የክፍያ ገጽ አንድ ጊዜ ክፈቱት።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው "የትኛው ብዙ ፐርሰንት ይከፍላል?" ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ሦስተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው።

አንደኛው፦ ገንዘቡ እጄ ይገባል ወይ? ይህ ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ሰው ጥያቄ እንኳን አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለ ሰው ግን ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ አገር ቤት ባንክ ለማውጣት አያገለግልም። የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፈው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ኤትሲ ለሻጮቹ የሚከፍልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ የለችም። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ሥዕል ለመጫን ማንንም ይቀበላሉ፤ በሩ የሚዘጋው ክፍያ ላይ ስትደርሱ ነው። መቶ ዲዛይን ከጫኑ በኋላ ይህን ማወቅ ያበሽቃል።

ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ የሚታመን ዘመድ ነው። እህት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ። አካውንቱ ከመጀመሪያው በእሱ ስም ይከፈት፤ ሻጩ እሱ፣ የሥዕሉ ባለቤት እናንተ። ገቢው በስሙ ስለሚመዘገብ ግብሩም የእሱ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለግብር ስንት እንደሚቀመጥ፣ ለድካሙ ስንት እንደሚወስድ፣ ለእናንተ በየስንት ጊዜው እንደሚልክ በጽሑፍ ተስማሙ። "እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን" የሚለው ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ዶላሮች እስኪመጡ ድረስ። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይላክላችሁ። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ተመን መመንዘር ከጀመረ ወዲህ በባንክ መላኩ እንደ ድሮው አያስቆጭም።

አንድ ነገር ግን አትሞክሩ። ቴሌግራም ላይ "ቬሪፋይድ አካውንት" የሚሸጡ አሉ። በሰው ስም የተከፈተ አካውንት ገዝታችሁ ቪፒኤን (ያላችሁበትን አገር የሚደብቅ ፕሮግራም) እያበራችሁ መሥራት የሚያዋጣ ይመስላል። ድርጅቱ መታወቂያ የጠየቀ ዕለት ግን አካውንቱም፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው፦ ገዢውን ማን ያመጣዋል? ገዢው ድረ ገጹ ላይ በራሱ ፍለጋ የሚያገኛችሁ ከሆነ ድርጅቱ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ገዢውን እናንተ ከኢንስታግራም ወይም ከቲክቶክ የምታመጡት ከሆነ ትልቁ ድርሻ የእናንተ መሆን አለበት። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ንጽጽር በግማሽ ያልቃል። ሃያ ሺህ ተከታይ ያላት ሠዓሊ ገዢዎቿን ወደ ሬድበብል የምትልክ ከሆነ የራሷን ደንበኛ ለሌላ ሰው እያስረከበች ነው። ተከታይ የሌለው ጀማሪ ደግሞ ሾፒፋይ ላይ ወርኃዊ ኪራይ ሲከፍል ባዶ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው።

ሦስተኛው፦ ከአንድ ሽያጭ ስንት ይቀራል? ሒሳቡን ወረድ ብዬ በቁጥር አሳያለሁ።

አራተኛው የህትመቱ ጥራት ነው። ስቲከር ለመሸጥና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ለመሸጥ የሚያስፈልገው ወረቀትም፣ ቀለምም፣ ጥንቃቄም ይለያያል። አምስተኛው ደግሞ ቁጥጥር፦ ሥዕላችሁ ምን ዓይነት ዕቃ ላይ እንደሚወጣ የመወሰን መብት አላችሁ ወይ?

ዝግጁ ገበያዎች፦ ሬድበብልና ቲፐብሊክ

ሬድበብል በ2006 ሜልቦርን አውስትራሊያ የተመሠረተ ነው። ቲፐብሊክን በ2018 ገዝቶታል፣ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። መመዝገብ ነፃ ነው። ገዢው ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ በር የለም።

ሬድበብል ላይ ድርጅቱ መነሻ ዋጋ ያስቀምጣል፣ እናንተ ከላይ ትጨምራላችሁ። የተለመደው ጭማሪ 20 በመቶ ነው። መነሻው 20 ዶላር የሆነ ቲሸርት 24 ዶላር ይሸጣል፣ ለእናንተ 4 ዶላር ይደርሳል። ግን እዚህ አያልቅም። ከ2023 ወዲህ ድርጅቱ ሠዓሊዎችን በደረጃ ከፍሏቸዋል። ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ከገቢው የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል። አዲስ የሚገባ ሰው የሚጀምረው ከታች ነው። ስለዚህ አራቱ ዶላር አራት ሆኖ አይደርስም። ደግሞ 20 ዶላር እስኪሞላ ክፍያ አይላክም።

ቲፐብሊክ በፐርሰንት ሳይሆን በቁርጥ ነው የሚከፍለው። ለአንድ ቲሸርት ይህን ያህል፣ ለአንድ ስቲከር ይህን ያህል። ቅናሽ ሲታወጅ ክፍያው ዝቅ ይላል። ቅናሹ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚታወጀው። ዋጋ መወሰን አትችሉም፣ ነገር ግን ግራ አያጋባም።

ሬድበብል ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋይሉን ስትጭኑ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ በብዙ ዕቃ ላይ ይዘረጋል፦ ቲሸርት፣ ኩባያ፣ ትራስ፣ የሻወር መጋረጃ፣ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ። አሁን የእመቤታችንን ሥዕለ አድኅኖ የጫነ ሠዓሊ አስቡ። ሳያውቀው እግር መጥረጊያ ላይ አድርጎ ለሽያጭ አቀረባት ማለት ነው። ይህ በሐበሻ ገዢ ዘንድ ስም የሚያጠፋ ነገር ነው፣ ለእምነቱም አይመጥንም። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ የማትፈልጉትን አጥፉ። መንፈሳዊ ሥዕል ከሆነ ወረቀት ህትመትና ካንቫስ ብቻ ተዉለት። ሌላው ቢቀር፣ ገዢዋ እናታችሁ ብትሆን ምን እንደምትል አስቡ።

ሶሳይቲ6 የሚባለውን ከዚሁ ጎራ ብዙ የድሮ መመሪያዎች ያነሱታል። እሱ አሁን ሠዓሊ እየመረጠ ወደ መቀበል ዞሯል። ለጀማሪ ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም።

ለግድግዳ ሥዕል፦ ፋይን አርት አሜሪካ

ይህኛው በ2006 የተጀመረ ሲሆን ዋና ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ካንቫስ፣ ፍሬም የገባ ህትመት፣ ብረትና አክሪሊክ ላይ የታተመ። የዋጋ አሠራሩን ትወዱታላችሁ፦ ድርጅቱ የማተሚያና የፍሬም ወጪውን ይወስናል፣ ከዚያ በላይ የእናንተን ድርሻ በየመጠኑ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ለትንሹ ህትመት 15 ዶላር፣ ለትልቁ ካንቫስ 90 ዶላር ብላችሁ ብታስቀምጡ ሽያጩ ሲፈጸም ያንን ነው የምታገኙት።

ነፃው አካውንት የሥዕል ቁጥር ገደብ አለው። ዓመታዊው ክፍያ ገደቡን ያነሣል፣ የራሳችሁን ገጽም ይሰጣችኋል። ድክመቱ ሕዝቡ ነው፤ እጅግ ብዙ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ አለበት። "የኢትዮጵያ ሥዕል" ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኛችኋል፣ "የአበባ ሥዕል" ብሎ የሚፈልግ ግን መቼም አያገኛችሁም። ክፍያውም ይዘገያል፣ ምክንያቱም ገዢው ዕቃውን የሚመልስበት ጊዜ ማለፍ አለበት።

ዘይት ቀለም ወይም አክሪሊክ ለሚሠራ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ቲሸርት ላይ የተለጠፈ የዘይት ሥዕል ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ደረት ላይ የተሰፋ ፖስታ ካርድ ይመስላል።

አማዞን መርች

በ2015 የተጀመረ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ገዢው አማዞን ላይ አለ። ለመግባት ግን ማመልከት ያስፈልጋል፣ ሁሉንም አይቀበሉም። ከተቀበሏችሁ በ10 ዲዛይን ትጀምራላችሁ፤ ስትሸጡ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ገበያው ቀለል ያሉ፣ በጽሑፍና በቀልድ የተሞሉ ቲሸርቶችን ይወዳል። ረቂቅ ሥዕል ለሚሠራ ሰው ቦታው አይደለም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የድርሻችሁ ስም ሮያልቲ ነው። አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነኝ ብሎ ደብሊው 8 ቤን የሚባለውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ የሞላ ሰው በአሜሪካ ከሚሸጠው ሮያልቲ 30 በመቶው ከምንጩ ይቆረጥበታል። አሜሪካ የምትኖሩ ደብሊው 9 ሞልታችሁ ግብሩን በዓመት መጨረሻ ራሳችሁ ታወራርዳላችሁ።

ማተሚያ ቤትና የራስ ሱቅ፦ ፕሪንትፉል ወይም ፕሪንቲፋይ ከኤትሲ ወይም ከሾፒፋይ ጋር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፕሪንትፉልና ፕሪንቲፋይ ገበያ አይደሉም። ማንም ሰው ፕሪንትፉል ውስጥ ገብቶ ቲሸርት አይፈልግም። እነሱ ከመጋረጃ ጀርባ ያሉ ማተሚያዎች ናቸው። ሱቁን ኤትሲ ወይም ሾፒፋይ ላይ ትከፍታላችሁ፣ ታገናኟቸዋላችሁ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ በራሱ ወደ ማተሚያው ይሄዳል።

ሁለቱም መነሻቸው ላትቪያ ነው፤ በ2024 መዋሐዳቸውን አስታውቀዋል። ልዩነታቸው ግን አለ። ፕሪንትፉል በዋናነት የራሱ ማተሚያዎች አሉት፣ ስለዚህ ጥራቱ ከዕለት ዕለት ይቀራረባል። ፕሪንቲፋይ ብዙ የተለያዩ ማተሚያ ቤቶችን ያገናኛል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ያው ቲሸርት ከሁለት ማተሚያ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ጋ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ሌላው ጋ አመድ ይመስላል። ፕሪንቲፋይን ከመረጣችሁ ማተሚያውን አንዴ ሞክራችሁ፣ ወዳችሁት፣ ከዚያ አትቀያይሩ።

አሁን ሒሳቡ። ቲሸርት ኤትሲ ላይ ማጓጓዣን ጨምሮ 30 ዶላር ሸጣችሁ እንበል። ማተሚያው ለህትመትና ለማጓጓዣ 17 ዶላር ወሰደ እንበል። ኤትሲ ዕቃውን ሱቁ ላይ ለማውጣት 0.20 ዶላር ይወስዳል፤ ለአራት ወር ነው። የሽያጭ ክፍያው 6.5 በመቶ ነው፣ 1.95 ዶላር። የክፍያ ማስተላለፊያ በአሜሪካ 3 በመቶና 0.25 ዶላር፣ ማለትም 1.15። በድምሩ ኤትሲ 3.30 ወሰደ። ለእናንተ 9.70 ዶላር ይቀራል። ከሬድበብሉ አራት ዶላር ጋር አስተያዩት።

ነገር ግን ኤትሲ ከድረ ገጹ ውጭ በሚያሠራው ማስታወቂያ ገዢው ከመጣ፣ ለትናንሽ ሱቆች ተጨማሪ 15 በመቶ ይቆርጣል። 4.50 ዶላር ሄደ፣ 5.20 ቀረ። ትናንሽ ሱቆች ይህን ማስታወቂያ ከቅንብሩ ውስጥ ማጥፋት ይችላሉ። አጥፉት ወይም ዋጋችሁን በዚያ ልክ አስቡ።

ሾፒፋይ ላይ የሽያጭ ኮሚሽኑ ይቀንሳል፣ ግን ኪራይ አለው። መሠረታዊው በየወሩ ሲከፈል 39 ዶላር ነው። በአንድ ቲሸርት አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዶላር ብታተርፉ እንኳ ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን በወር አራት ቲሸርት ያስፈልጋችኋል። አምስተኛው ነው የእናንተ። በወር አሥራ አምስትና ሃያ ትዕዛዝ የማይመጣለት ሰው ሾፒፋይ አያስፈልገውም።

ሌላው የዚህ መንገድ ክብደት ሥራው ነው። ገዢው ቢቆጣ የሚጽፈው ለእናንተ ነው። ዕቃው ቢጠፋ፣ ልኩ ቢያንስ፣ "ማዘዣዬ የት ደረሰ?" ቢባል መልስ ሰጪው እናንተ ናችሁ። ሬድበብል ላይ ይህ ሁሉ የእነሱ ራስ ምታት ነው።

አገር ቤት አሳትሞ በቴሌግራም መሸጥ

ይህን አማራጭ የውጭ መመሪያዎች አያነሱትም፣ አዲስ አበባ ላለ ሠዓሊ ግን ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው። ካንቫስ የሚያትሙ፣ ቲሸርትና ኩባያ ላይ የሚያትሙ ሱቆች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። አንድ ቁራጭም ያትማሉ። ሥራውን በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ታሳያላችሁ፣ ቀብድ በቴሌብር ትቀበላላችሁ፣ ታሳትማላችሁ፣ በሞተር ትልካላችሁ። ዶላር የለም፣ ፔይፓል የለም፣ ከገንዘቡ የሚቆርጥ መድረክ የለም።

ችግሩ ጉልበት ይጠይቃል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ቆማችሁ ቀለሙን ማየት ያስፈልጋል። የዛሬው ካንቫስ ከባለፈው ሳምንቱ ሊለይ ይችላል። መብራት ይጠፋል፣ ቀለም አልቋል ይባላል፣ "ነገ ይደርሳል" የተባለው ሐሙስ ይሆናል። ቀብድ ያልተቀበላችሁበትን ትዕዛዝ ግን በፍጹም አታሳትሙ። ስልኩን የሚያጠፋ ገዢ አለ።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ማስኬድም ይቻላል። ዳያስፖራው ከድረ ገጹ ይግዛ፣ የአገር ቤቱ ከቴሌግራም።

በአንድ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ገዢውን የሚያመጣው | ዋጋ የሚወስነው | መነሻ ወጪ | አገር ቤት ላለ ሠዓሊ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሬድበብል | ድረ ገጹ | በከፊል እናንተ | የለም | ክፍያ በውጭ ዘመድ በኩል | ለጀማሪ፣ ለስቲከርና ለቲሸርት |
| ቲፐብሊክ | ድረ ገጹ | ድርጅቱ | የለም | እንደ ሬድበብል | ብዙ ዲዛይን ለሚያወጣ |
| ፋይን አርት አሜሪካ | ድረ ገጹና እናንተ | እናንተ | ነፃ ወይም ዓመታዊ ክፍያ | ክፍያ በውጭ ዘመድ በኩል | ለቀለም ሥዕልና ለፎቶ |
| አማዞን መርች | ድረ ገጹ | እናንተ፣ በገደብ | የለም፣ ማመልከቻ አለው | 30 በመቶ ተቆራጭ አለው | ለጽሑፍና ለቀልድ ቲሸርት |
| ማተሚያ ከኤትሲ ጋር | ግማሽ በግማሽ | እናንተ | በዕቃ 0.20 ዶላር | ሱቁ ውጭ ባለ ሰው ስም | ለስጦታ ዕቃ፣ ለበዓል |
| ማተሚያ ከሾፒፋይ ጋር | እናንተ ብቻ | እናንተ | በወር 39 ዶላር ገደማ | ሱቁ ውጭ ባለ ሰው ስም | ተከታይ ላለው |
| አገር ቤት ማተም | እናንተ ብቻ | እናንተ | የናሙና ወጪ | በቴሌብርና በባንክ | ለአዲስ አበባና ለክልል ገዢ |

እንደ አቅማችሁና እንደ ሁኔታችሁ

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ፣ ተከታይም ከሌላችሁ፣ ሬድበብልና ቲፐብሊክ ላይ ጀምሩ። ያንኑ ዲዛይን ሁለቱም ላይ ጫኑት፤ የሚከለክላችሁ የለም። ግባችሁ ገንዘብ ሳይሆን ሰው የትኛውን ሥዕላችሁን እንደሚመርጥ ማወቅ ይሁን። ሃያ ዲዛይን ጭናችሁ አንዱ ደጋግሞ ከተሸጠ፣ ለኤትሲ የሚሆን ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩና ትንሽ ጊዜ ያላችሁ፣ ፕሪንትፉልን ከኤትሲ ጋር ያዙ። ስጦታ የሚፈልግ ሰው ኤትሲ ላይ ነው የሚገባው። የልጅ ስም በግዕዝ ፊደል የተጻፈበት ፖስተር፣ የጀበናና የሲኒ ሥዕል ያለበት ኩባያ፣ ለሠርግ የሚሆን ህትመት፣ እነዚህ ሬድበብል ላይ በሌላ ዕቃ ይዋጣሉ። ኤትሲ ላይ ግን የሚፈልጋቸው ሰው በስማቸው ነው የሚፈልጋቸው።

እስራኤል ያላችሁ፣ ፔይፓል እጃችሁ ላይ ስለሆነ የዝግጁ ገበያዎቹ መንገድ ክፍት ነው። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ሌላ የባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ ከድረ ገጹ በፊት የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በራስ ስም መነገድን ይፈቅድ እንደሆነ አጣሩ። ከአሠሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም።

በትልቅ ሸራ የምትሠሩ፣ ኤግዚቢሽን የምታሳዩ ሠዓሊዎች፣ ፋይን አርት አሜሪካን ምረጡ፣ ግን የሥዕላችሁን ሁሉ ህትመት አትልቀቁ። ኦሪጅናሉን በሺዎች የገዛ ሰው ያንኑ ሥዕል ኩባያ ላይ ሲያየው ደስ አይለውም። ለህትመት የሚሆኑትን ለዩ፣ ለሰብሳቢም ቀድማችሁ ንገሩት።

አገር ቤት ሆናችሁ ውጭ ምንም የሚታመን ሰው ከሌላችሁ፣ ጊዜያችሁን በድረ ገጾቹ አትፍጁ። በቴሌግራም ጀምሩ። የገናና የፋሲካ ባዛር ላይ አንድ ጠረጴዛ ከጓደኛ ጋር ተጋሩ። ድረ ገጹ የትም አይሄድም።

የትኛውንም ብትመርጡ

ፋይሉ። ለህትመት የሚመከረው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነው። ኤ3 ወረቀት በዚህ ልክ 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል። የአማዞን ቲሸርት 4500 በ5400 ነው። 12 ሜጋፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 4032 በ3024 ገደማ ስለሆነ በሙሉ ጥራት 34 በ25 ሳንቲሜትር ድረስ ብቻ ያስኬዳል። ለትልቅ ካንቫስ 150 ዲፒአይም ይበቃል፣ ከራቅ ብሎ ስለሚታይ። ከዚያ በላይ በስልክ አንሥታችሁ አታስለጥጡት። ሥዕሉን በደመናማ ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ስልኩን ወይም ካሜራውን ከሸራው ፊት ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። ዘይት ቀለም በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ብልጭታው ህትመቱ ላይ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል።

ፊደሉ። የድረ ገጾቹ የጽሑፍ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግዕዝ አያውቁም፣ ባዶ ሳጥን ነው የሚያወጡት። ጽሑፉን በራሳችሁ ፕሮግራም ሠርታችሁ፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ፣ በፒኤንጂ ጫኑ። ስቲከር ላይ ፊደል ስታሳንሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። "ቡ" እና "ቢ" የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ሰረዝ ነው፤ ሲያንሱ ሰረዟ ትጠፋለች። ወፍራም ፊደል ምረጡ። የተጠቀማችሁበት የፊደል ፋይል (ፎንት) ለንግድ የሚፈቀድ መሆኑንም አረጋግጡ። ኖቶና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ችግር የላቸውም። የዕቃውን ርዕስና መፈለጊያ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ገዢው የሚፈልገው በዚያ ነውና። አማርኛ የማትጽፍ፣ ዲሲ ተወልዳ ያደገች ልጅ ለእናቷ ስጦታ እየፈለገች ነው ብላችሁ አስቡ።

መብቱ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ሥዕል አስተካክላችሁ አትሽጡ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሠዓሊው መብት እሱ ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2012 ነው፣ ስለዚህ ሥራቸው ገና ለረጅም ጊዜ የተጠበቀ ነው። የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሣሣል የሁላችን ነው፤ ከሙዚየም መጽሐፍ ላይ ስካን የተደረገው ፎቶ ግን ባለቤት አለው። የዘፋኝና የአትሌት ፊትም፣ የክለብ ዓርማም እንዲሁ። ራሳችሁ ሣሉት።

ናሙና። ከመሸጣችሁ በፊት አንድ እዘዙ። ወደ ኢትዮጵያ ማስላኩ በማጓጓዣና በጉምሩክ ስለሚወደድ ውጭ ላለው ዘመድ ይድረሰው። መስኮት አጠገብ አድርጎ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሣላችሁ። ቲሸርት ከሆነ ሦስት አራት ጊዜ አጥቦ እንደገና ያንሣው። ደማቁ ቢጫና ቀዩ ስክሪን ላይ እንዳያችሁት አይወጣም፤ ጨርቅ ላይ ይበልጥ ይፈዛል። ለጥቁር ቲሸርት የሚሆነውን ፋይል ለነጩ ከሚሆነው ለዩት።

ጊዜው። ህትመቱ ብቻ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል፣ ማጓጓዣው ከዚያ በላይ። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ዲዛይን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተጫነ አልፏል፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይውጣ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር የሚለበስ ቲሸርት ሜይ ላይ ሱቁ ውስጥ መሆን አለበት። ለፈረንጅ ገና ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሩ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ከፈረንጆቹ ግርግር በኋላ ሁለት ሳምንት ይተርፋችኋል፣ ግን ማተሚያዎቹ በዚያ ሰሞን ሥራ ስለሚበዛባቸው በዚያ ሁለት ሳምንት አትተማመኑ።